ፍሬን፣ ሸራና የካፒቴኑ ድንች

ሳምራዊት፦ ዮኒ፣ ይሄን ክፍል ልንቀዳ የነበረው መቼ ነው?

ዮናስ፦ ኧረ ተይኝ! ባለፈው ማክሰኞ።

ሳምራዊት፦ ከዚያ ረቡዕ አልክ፣ ከዚያ ሐሙስ። እንግሊዝኛው ላንተ «ፕሮክራስቲኔት» የሚል ቃል አዘጋጅቶልሃል። ሆዱ ውስጥ ያለው «ክራስ» በላቲን «ነገ» ነው።

ዮናስ፦ የኛው «ዛሬ ነገ ማለት» ነዋ።

ሳምራዊት፦ ቁርጥ እሱን። ያለማድረግ ቃላት ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ስትከፍታቸው ውስጣቸው የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። «ሄዚቴት»ን ውሰድ። በኛ «ማመንታት» ውስጥ መንታ አለ፣ ልብ ለሁለት ሲከፈል። በላቲኑ ግን ተጣብቆ መቅረት ነው፤ ጭቃ እግርህን ሲይዝህ።

ዮናስ፦ እኔ የወደድኩት «ሪፍሬይን»ን ነው፣ ከአንድ ነገር መታቀብ። የመጣው «ፍሬኑም» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ የፈረስ ልጓም።

ሳምራዊት፦ ቆይ ቆይ... ፍሬን? የመኪና ፍሬን?

ዮናስ፦ እሱው ነው! ጣሊያኖች ልጓሙን «ፍሬኖ» አሉት፣ መኪና ሲመጣ ስሙን ለማቆሚያው ሰጡት። እኛ ጋ ከነካምቢዮው መጣ። ሹፌሩ «ፍሬን ያዝኩ» ሲል ልጓም መሳቡ ነው። የዘፈን አዝማችም በእንግሊዝኛ «ሪፍሬይን» ይባላል፣ እሱ ግን ሌላ ነው፤ ዘሩ «መስበር» ከሚል ቃል ነው።

ሳምራዊት፦ እኔን ግራ ሲያጋባኝ የኖረው «ስትራይክ» ነው። መምታት ሆኖ ሳለ ሥራ ማቆም የሆነው እንዴት ነው?

ዮናስ፦ በመርከበኛ ቋንቋ ሸራ ማውረድም «ስትራይክ» ነው። በፈረንጆቹ 1768 የለንደን መርከበኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው የንግድ መርከቦቹን ሸራ አወረዱ። ሸራ ከሌለ ጉዞ የለም። ቃሉ ወደ ሌላው ሠራተኛም ተዛመተ።

ሳምራዊት፦ የሚገርመው እኛም አድማ «መታ» ነው የምንለው።

ዮናስ፦ እኛ ደግሞ ምኑን መትተን እንደሆነ እንጃ!

ሳምራዊት፦ እሺ፣ አንገዛም፣ አንሸጥም ብሎ ማግለል «ቦይኮት» ይባል የለ? የሰው ስም መሆኑን ታውቃለህ?

ዮናስ፦ አትቀልጂ።

ሳምራዊት፦ ካፒቴን ቻርልስ ቦይኮት። አየርላንድ፣ ማዮ አውራጃ፣ የአንድ ሎርድ መሬት አስተዳዳሪ ነበር። በ1880 መስከረም ላይ ፖለቲከኛው ፓርኔል ኤኒስ ከተማ ቆሞ፣ ገበሬ የተፈናቀለበትን መሬት የሚወስድን ሰው በመንገድ፣ በሱቅ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሳይቀር አግሉት አለ። ብዙም ሳይቆይ ዱላው ለሎርዱ ገበሬ ሊያፈናቅል የሞከረው ቦይኮት ላይ አረፈ።

ዮናስ፦ ደበደቡት?

ሳምራዊት፦ ዱላው ዝምታ ነበር እንጂ። ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ፣ ባለሱቆቹ አንሸጥልህም አሉት። ከእድር ከመባረር የባሰ በለው። ድንቹና ሥራ ሥሩ ማሳ ላይ ሊበሰብስ ሲል ከሰሜን 50 ያህል በጎ ፈቃደኞች መጡለት፤ እነሱን ለመጠበቅ ደግሞ ወደ 1,000 የሚጠጋ ወታደር!

ዮናስ፦ ለድንች?

ሳምራዊት፦ ለድንች! ወጪው የምርቱን ዋጋ እጥፍ ድርብ በልጦታል። ሰውዬው ዓመቱ ሳያልቅ አየርላንድን ለቆ ወጣ፤ ጋዜጦቹም በዚያው ዓመት ስሙን ግስ አደረጉት።

ዮናስ፦ በቁሙ?

ሳምራዊት፦ በቁሙ። የሞተው በ1897 ነው። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ በገለጠ ቁጥር የራሱን ስም በትንሽ ፊደል ተጽፎ ሲያገኘው አስበው።