ኖተሪ በቪዲዮ ኮል፦ ማኅተሙ ውልና ማስረጃ ድረስ ይዘልቃል?

[ምስል፦ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ የተከፈተ ላፕቶፕ፣ አጠገቡ ግማሽ የተጠጣ ቡና]

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የምናወራው ስለ ኖተሪ ነው፣ ፊርማችሁን በማኅተሙ ስለሚያረጋግጠው ሰው። ደረቅ ርዕስ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለው ወንድማችሁ ይደውላል። «ውክልናው እስከ አርብ ካልደረሰ ገዢው ሊሄድብን ነው» ይላል። ያን ቀን ከዚህ የበለጠ የሚያሳስብ ርዕስ አይኖርም።

እናንተ ደግሞ ሜሪላንድ ናችሁ እንበል። ስልካችሁን ስትነካኩ «ከቤትዎ ሳይወጡ ኖተራይዝ ያድርጉ» የሚል ማስታወቂያ ይመጣላችኋል። እውነት ይቻላል?

ይቻላል፣ ሕጋዊም ነው። ግን ጥያቄው አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ሰነዱ በተፈረመበት አገር ዋጋ አለው ወይ? የሚቀበለው መሥሪያ ቤትስ ይቀበለዋል ወይ? ሰው የሚቃጠለው በሁለተኛው ነው።

[ምስል፦ የአሜሪካ ካርታ፣ ቨርጂኒያ ደምቃ]

መጀመሪያውን ቶሎ እንለፈው። የአሜሪካኖቹን ዓመታት በፈረንጆቹ ነው የምናገረው። በቪዲዮ ኖተራይዝ ማድረግን ቀድማ የፈቀደችው ቨርጂኒያ ናት። ሕጉ በ2011 ወጣ፣ በሐምሌ 2012 ሥራ ላይ ዋለ። ለዓመታት ብዙ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። በ2020 ኮሮና መጣና አብዛኛው ስቴት ተሯሯጠ። ዛሬ ከ40 በላይ ስቴቶች ቋሚ ሕግ አላቸው። ካሊፎርኒያ ሕጉን በ2023 ብታጸድቅም፣ የራሷ ኖተሪዎች ሥራውን እስኪጀምሩ ግን እስከ 2030 ድረስ ጊዜ ሰጥታለች። የሲሊከን ቫሊ አገር ሆና እንዲህ መዘግየቷ ይገርመኛል።

[ምስል፦ መንጃ ፈቃድ በስልክ ካሜራ ሲነሣ]

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰነዱን ትጭናላችሁ። መታወቂያችሁን ፊትና ጀርባውን ታነሣላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ሐሰተኛ እንዳይሆን ይመረምረዋል። ቀጥሎ ፈተና አለ። በብዙ ስቴቶች አምስት ጥያቄ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ቢያንስ አራቱን መመለስ አለባችሁ። «ከእነዚህ አድራሻዎች በየትኛው ኖረው ያውቃሉ?» «ከእነዚህ መኪኖች የእርስዎ የነበረው የቱ ነው?» ዓይነት ጥያቄ ነው።

ጥያቄዎቹ የሚመጡት ከክሬዲት (የብድርና ክፍያ) ታሪካችሁና ከመንግሥት መዝገቦች ነው። ስለዚህ በዲቪ ከመጣ ገና ስድስት ወር የሆነው ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። የሚኖረው አክስቱ ቤት ነው፣ መኪናው በአክስቱ ስም ነው፣ ክሬዲት ካርድ የለውም። ማሽኑ ምን ብሎ ይጠይቀው? አጭበርባሪ ሆኖ ሳይሆን ዕዳ ስለሌለበት ብቻ «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» ይባላል። እንዲህ ከገጠማችሁ አትናደዱ። በአካል ወደ ኖተሪ ሂዱ፣ ብዙ ባንኮች ለደንበኞቻቸው በነፃ ይሠሩታል።

ፈተናውን ካለፋችሁ ኖተሪው በቪዲዮ ይመጣል። የቨርጂኒያ ኖተሪ ከሆነ እሱ ራሱ ቨርጂኒያ ውስጥ መሆን አለበት። እናንተ ግን የትም ልትሆኑ ትችላላችሁ። በስክሪን ላይ ትፈርማላችሁ፣ እሱ ዲጂታል ማኅተሙን ያሳርፋል። ከዚያ በኋላ ሰነዱ ላይ አንድ ፊደል ቢነካ ያስታውቃል። ቪዲዮውም ተቀድቶ ለዓመታት ይቀመጣል። የቨርጂኒያ ኖተሪ ለዚህ ሥራ እስከ 25 ዶላር ማስከፈል ይችላል።

[ምስል፦ ሁለት ማኅተም ጎን ለጎን]

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአሜሪካ ኖተሪና የእኛ ውልና ማስረጃ ሥራቸው አንድ ይመስለናል። አይደለም። አሜሪካዊው የሚያረጋግጠው የፈረማችሁት እናንተ መሆናችሁንና ወዳችሁ መፈረማችሁን ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የእሱ ጉዳይ አይደለም። ውልና ማስረጃ ግን በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ይዘቱን ጭምር ያያል። ሕግ ይፃረራል? ፈራሚው ይህን ለማድረግ መብትና ሥልጣን አለው?

ቤት ለማስሸጥ ውክልና ስትሰጡ ይህ ልዩነት ጣጣ ያመጣል። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ናሙና «በስሜ ማንኛውንም ነገር እንዲያደርግልኝ ወክዬዋለሁ» ይላል። የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2204 እና 2205፣ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። አሜሪካዊው ኖተሪ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ፈገግ ብሎ ያትምላችኋል። ችግሩ የሚታወቀው አዲስ አበባ፣ መስኮቱ ጋ ሲደረስ ነው።

[ምስል፦ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሻገር]

መንገዱም አለ። አሜሪካ ኖተራይዝ የተደረገ ውክልና በቀጥታ ውልና ማስረጃ አይገባም። መጀመሪያ የስቴቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ የኖተሪውን ፊርማ ያረጋግጣል። ቀጥሎ ስቴት ዲፓርትመንት፣ ማለትም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ያንን ያረጋግጣል፣ ለአንድ ሰነድ 20 ዶላር ነው። ከዚያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ። ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከፊቱ ላለው ማኅተም ነው።

ችግሩ ይህ ሰንሰለት የተሠራው ለወረቀት መሆኑ ነው። የቪዲዮው ኖተሪ ማኅተም የሚሠራው ፋይሉ ውስጥ ነው። ፕሪንት ስታደርጉት ጥበቃው ይቀርና የማኅተም ፎቶ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ስቴቶች ለዚህ መላ አበጅተዋል። ፕሪንት የተደረገው ወረቀት ከፋይሉ ጋር አንድ መሆኑን ኖተሪ ይመሰክርበታል፣ በቀለም ይፈርምበታል። የየቢሮው አሠራር ግን ይለያያል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ስልክ ደውሉ፦ ለስቴቱ ቢሮ፣ ለኤምባሲው፣ አዲስ አበባ ላለው ወኪላችሁ። «በቪዲዮ ኖተራይዝ ተደርጎ ፕሪንት የወጣ ሰነድ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለቤት ሽያጭ ውክልና ኦንላይኑን አልመርጥም። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ፓስፖርቱን ይዞ ኤምባሲው ራሱ ሄዶ ቢፈርም የሰንሰለቱን ግማሽ ይዘለዋል። 15 ደቂቃ አተርፋለሁ ብሎ ወር መክሰር ምን ይባላል?

[ምስል፦ ቦሌ፣ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ የከፈተች ሴት]

በግልባጩ ከሆነ ግን ኦንላይኑ ግሩም ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ መጥታችኋል፣ ቨርጂኒያ ያለው ቤታችሁ ሽያጭ ላይ ነው፣ ፊርማ ተፈለገ። ድሮ ምርጫችሁ የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር መክፈል ነበር። አሁን የቤት ሽያጩን የሚያስፈጽመው ድርጅት ከተስማማ፣ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ሰነዱ ተመልሶ የሚሄደው ወደ አሜሪካ ነው፣ ተቀባዩም ፋይሉን እንደ ፋይል ማንበብ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ የአሜሪካ መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ነው። ሦስተኛው ላይ አስተያየት አልሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ። ስማችሁን እዩ። የቤቱ ካርታ ላይ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አለ። የአሜሪካ ፓስፖርታችሁ ላይ ግን ዜግነት ስትወስዱ የአያት ስም ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም የባል ስም ገብቶ። ኖተሪው የሚያየው ፓስፖርቱን ብቻ ነው። ካርታውን አውጥታችሁ ከፓስፖርቱ ጋር ዛሬውኑ አስተያዩት።