ለፈተና የሚታወቅ ጤና

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

እኔ በጤና ጣቢያችን የወጣቶች ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ወጣቶች ጤና ንግግር አድርጊልን ብለውኝ ነው የመጣሁት። ስብከት አላመጣሁም፣ አትስጉ።

ልጆቻችን ስለ ጤናቸው ምን ያህል ያውቃሉ? እኔ እንዳየሁት የበሽታውን ስም አሳምረው ያውቃሉ። ሲደርስባቸው የት እንደሚኬድ፣ መቼ እንደሚኬድ ግን አያውቁም።

ኤችአይቪን ውሰዱ። የመተላለፊያ መንገዶቹን ጻፉ ቢባሉ አንድም ሳይዘሉ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ጠለቅ አድርጎ ጠየቀ። ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት ይችላል ወይ? የሚናፈሱትን የተሳሳቱ ወሬዎችስ ትለያላችሁ? ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት መካከል የተሟላ እውቀት የተገኘው በሴቶቹ 24 በመቶ፣ በወንዶቹ 39 በመቶ ላይ ብቻ ነበር።

ወላጆች ቅር አይበላችሁና፣ ፖስት ፒልን፣ ማለትም ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒኑን፣ የማያውቅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ እንዳለበትም ያውቃሉ። ፖስት ፒል እርግዝናን እንጂ ኤችአይቪን እንደማይከላከል ስነግራቸው ግን ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ለኤችአይቪም ቢሆን ተጋላጭነት ካጋጠመ በኋላ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት አለ። እሱም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ይህን ካላወቀች ሰዓቱ በዝምታ ያልፍባታል። ብታውቅም እኮ እናቷን ስትፈራ፣ አባቷን ስትፈራ ሦስት ቀን ምን አላት?

እዚህ ላይ እኛ ትልልቆቹ አለንበት። ልጅ ደፍራ አንድ ነገር ስትጠይቅ የምንሰጣት መልስ ምንድን ነው? "ይህን ከየት ሰማሽው?" ጥያቄዋ ቀርቶ ምርመራው በእሷ ላይ ይጀመራል። ወንዱ ከሆነማ መጀመሪያውኑ አይጠይቅም፣ ሁሉን የሚያውቅ መምሰል አለበት። ሁለቱም ቀጥለው የሚሄዱት ወደ ቲክቶክና ወደ ቴሌግራም ነው። እዚያ "ከየት ሰማሽው?" የሚል የለም። እውነቱን የሚነግርም እንዳለ ማንም ዋስትና አይሰጥም።

የወጣት ጤና ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ከወገብ በታች ያለውን ብቻ መሆኑ ደግሞ ያናድደኛል። ቶንሲልን ማን ያነሳል? ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ዝንጅብል በማር አፍልተን እንሰጣለን፣ ያልፋል። ብዙውን ጊዜ እውነትም ያልፋል። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ግን ከባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በጊዜ በፔኒሲሊን ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ቁርጥማት ሊያመጣ ይችላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ሲነሳ የራሱን የልብ ቫልቭም ሊጎዳ ይችላል። ይህ ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ሕመም የሚጀምረው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንዴ የተጠቃ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ እየተወጋ ለዓመታት መቆየት አለበት። ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና ይመጣል፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ቶንሲልን በባህላዊ መንገድ መቁረጥ፣ ማስቧጠጥ የሚባለው መፍትሔ አይደለም፣ ሌላ ቁስል ነው። የስፖርት መምህራን፣ ሩጫ ላይ ቶሎ ትንፋሽ የሚያጥራትን ልጅ "ሰነፍ" ከማለታችሁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ላኩልን።

ስለ ጫትና ሺሻ ብዙ አልልም፣ ተማሪዎች ሰልችቷችኋል። አንድ ነገር ብቻ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ ይከለክላል። ከአጥሩ ጀርባ ያሉት ግሮሰሪዎች አዋጁን ያነበቡት አይመስለኝም። ይህ የተማሪ ጥፋት አይደለም፣ የወረዳና የኛ ነው።

የወር አበባ ላይም አጭር ልሁን። ወር በመጣ ቁጥር የምትቀር ተማሪ ካለች መጀመሪያ የሴቶች መጸዳጃ ቤቱን እንይ። ውኃ አለው? በሩ ይዘጋል? ልጅቷ ንጽሕና አስፈላጊ መሆኑን ታውቃለች፣ የምትታጠብበት ግን የላትም።

አሁን ለወላጆች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ዋናው መነሻው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ ክትባትም አለው። ክትባቱ አገራችን የገባው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበሩ የሚከተቡት። በኋላ ከ9 ዓመት ጀምሮ ላሉት በአንድ ዶዝ እንዲሰጥ ተደርጓል። ገንዘብ አይከፈልበትም። መካን ያደርጋል የሚባለው ሐሰት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ይህን ወሬ ከቤት ሰምተው ይመጡና ክንዳቸውን ይደብቃሉ። ልጄ አልተከተበችም የምትሉ ዛሬ ስሟንና ዕድሜዋን አስመዝግቡኝ። እስከ ሻይ ሰዓት በር ላይ ባለው ጠረጴዛ እቆያለሁ። ተማሪዎችም ብትመጡ ከየት ሰማችሁት አልልም።

አመሰግናለሁ።