ከኋላ የሚነዳ ባጃጅ

አብዱ፦ እየቀዳ ነው? እሺ። ሰላም ለናንተ ይሁን። ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነን፣ ዛፍ ሥር። የምትሰሙት ጩኸት የወፍ ነው፣ ታገሡት። የዛሬው ርዕሳችን ካያክ ነው። ከአስጎብኚ ጋር በጠባብ ጀልባ ወንዝ ላይ እየቀዘፉ ተፈጥሮን ማየት። ቲጂ ኡጋንዳ ሄዳ ሞክራው መጥታለች። ዋና የማትችለዋ ቲጂ።

ቲጂ፦ እሱን መናገር ነበረብህ?

አብዱ፦ ሰው ይወቅ አቦ!

ቲጂ፦ ድሬ ተወልጄ ዋና የት ልማር? አሸዋ ላይ? እኔ ወንዝ ሲባል ትዝ የሚለኝ ደቻቱ ነው። ደቻቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ኳስ የተጫወትነው እዚያ። ከመጋላ ወደ ከዚራ የምንሻገረው በእግራችን፣ ጫማችን አሸዋ እየሞላ።

አብዱ፦ እኔ ብስክሌት የለመድኩት እዚያ ነው። ብትወድቂም አያምም።

ቲጂ፦ እናቴ ግን አንድ ሕግ ነበራት። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ከአሸዋው ውጡ ትላለች። እኛ ጋ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጠብታ የለም። «ምን ሆነሽ ነው?» እንላታለን። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ይመጣል። ቡናማ፣ ዛፍ የተሸከመ። ዝናቡ የጣለው ደጋ ላይ ነዋ።

አብዱ፦ የ1998ቱ ጎርፍም እንደዚያ ነው የመጣው። ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት። ከ200 ሰው በላይ ነው የሞተው።

ቲጂ፦ አዎ። የዚያን ሌሊት ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ለእኔ ወንዝ ማለት የለም የለም ሲሉት ቆይቶ ድንገት በር ሰብሮ የሚገባ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ «ወንዝ ላይ ልውሰድሽ» ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ አስበው።

አብዱ፦ እሺ፣ ወደ ኡጋንዳ እንሂድ። የት ነው ቦታው?

ቲጂ፦ ጂንጃ። ከካምፓላ ወደ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበት ቦታ ነው። ስፒክ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1862 እዚያ ደርሶ «የዓባይን ምንጭ አገኘሁት» ያለው። የአገሩ ሰው ዓሣውን እያጠመደ ቆሞ ሲያየው ይመስለኛል።

አብዱ፦ (ሳቅ) ጠፍቶ ነበር እንዴ?

ቲጂ፦ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ደግሞ የአክስቴ ልጅ «መጀመሪያ ሮሌክስ እንግዛ» አለችኝ።

አብዱ፦ ሰዓት?

ቲጂ፦ እኔም ሰዓት መስሎኝ! ይቺ ልጅ ሀብታም ሆናለች ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ቁርስ ነው። መንገድ ዳር ቻፓቲ ይጋግራሉ፣ እንቁላል ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ይጠብሳሉ፣ ይጠቀልሉታል። በቃ ሮሌክስ።

አብዱ፦ ፈቲራ ነዋ!

ቲጂ፦ ፈቲራ አይደለም።

አብዱ፦ ሊጥ አለ፣ እንቁላል አለ። ፈቲራ ነው።

ቲጂ፦ ፈቲራ በስሱ ተዘርግቶ ይታጠፋል፣ ማር ይፈስበታል። ይሄ ይጠቀለላል። ማር የለም።

አብዱ፦ ማር የረሱት ፈቲራ። ቀጥዪ።

ቲጂ፦ እግዜር ይይልህ። ወንዙ ዳር ደረስን። ከሁሉ በፊት የጠየቅኩት ስለ አዞ ነው። አስጎብኚው «እኛ በምንሄድበት ክፍል የለም» አለኝ። ሁለቴ ጠየቅኩት። ላይፍ ጃኬት አለበሰኝ። ጠበቅ አድርገው አልኩት። አጠበቀው። እንደገና አጥብቀው አልኩት። «ከዚህ በላይ ካጠበቅኩት አትተነፍሺም» አለኝ።

አብዱ፦ (ሳቅ) መተንፈስ ምን ያደርጋል!

ቲጂ፦ ጀልባዋ የሁለት ሰው ናት። ረጅም፣ ጠባብ። እኔ ከፊት፣ የአክስቴ ልጅ ከኋላ። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ መዳፍ አለው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያልክ ትቀዝፋለህ። በክንድ ብቻ ከጎተትክ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትዝላለህ፤ ወገብህን እያዞርክ ነው። አቅጣጫ የሚይዘው ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው ነው።

አብዱ፦ ቆይ ቆይ። ሹፌሩ ከኋላ ነው?

ቲጂ፦ ከኋላ።

አብዱ፦ የተገላቢጦሽ ባጃጅ! ተሳፋሪው ከፊት፣ ሹፌሩ ከኋላ። ድሬ ውስጥ እንደዚህ ቢሆን ሳቢያን ሳንደርስ እናልቃለን።

ቲጂ፦ እኔም ለመዞር ስፈልግ የባጃጅ መሪ የያዝኩ ይመስል እጄን አጣምማለሁ። አስጎብኚው «ምን እያደረግሽ ነው?» ይለኛል። ልማድ ነው እንዴት ልበለው?

አብዱ፦ እኔ ግን ይሄ ነገር ታንኳ ነው ባይ ነኝ። ጣና ላይ ከደንገል የሚሠሩት። ለምን ካያክ እንለዋለን?

ቲጂ፦ አይደለም አብዱ። ካያክ የኢኑዊት ሰዎች ነው፣ የሰሜን ዋልታ። ከእንጨት ወይ ከአጥንት አጽም ሠርተው የባሕር አውሬ ቆዳ ይወጥሩበታል። የአሁኑ ፕላስቲክ ነው እንጂ።

አብዱ፦ ሰው ተቀምጦ ይቀዝፋል፣ ጠባብ ነው። ታንኳ።

ቲጂ፦ አንተ እኮ ሁሉን ነገር ፈቲራ ታደርጋለህ!

አብዱ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ተፈጥሮውስ? ርዕሳችን እሱ ነበር።

ቲጂ፦ ወደሱ እየመጣሁ ነው። እንደጀመርን በጣም እቀዝፍ ነበር። ፈርቼ ነው፣ ቶሎ ዳር ልድረስ ብዬ። ወፎቹ በሙሉ ብር ብር እያሉ ሸሹ። አስጎብኚው ጠጋ ብሎ «ተይው፣ ውሃው ይውሰድሽ» አለኝ። መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። ሞተር የለ፣ ድምፅ የለ። ከውሃው ልክ ነው የተቀመጥከው፣ እጅህን ብትዘረጋ ትነካዋለህ። ወፎቹ ግንድ እየመጣ ነው የመሰላቸው መሰለኝ፣ አልተንቀሳቀሱም።

አብዱ፦ ምን ምን አየሽ?

ቲጂ፦ ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለች። አየር ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብላ ክንፏን ታርገበግባለች፣ ልክ እንደ ሄሊኮፕተር። ከዚያ ጧ! ውሃ ውስጥ። ዓሣ ይዛ ትወጣለች። ራሱ ነጭ የሆነው ንስርም ነበር፣ ጩኸቱ ልብ ይበላል። ግን ያሳቀኝ ኮርሞራንት የሚሉት ጥቁር ወፍ ነው። ደረቅ ዛፍ ላይ ክንፉን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆሟል። ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ጠልቆ ከወጣ በኋላ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

አብዱ፦ እንደ ልብስ።

ቲጂ፦ እንደ ልብስ! ደንገሉ ሥር ደግሞ አርጃኖ ተጋድሟል። ክንድ የሚያህል... አይ፣ ከክንድም ይበልጣል። አየኝ፣ አየሁት። እኔ ነኝ ዞር ያልኩት።

አብዱ፦ ፍርሃቱስ?

ቲጂ፦ እዚያ ጋ ጠፋ። ወንዙ እንደዚያው ይሄዳል፣ ሳይቸኩል። ትናንትም ነበረ፣ ነገም አለ። አስጎብኚው ይሄ ውሃ ሜዲትራኒያን ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል አለን። ካርቱም ላይ ከኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል።

አብዱ፦ ሰላምታ አትልኪም ነበር?

ቲጂ፦ ምራቄን ልኬያለሁ፣ ውሃ ገብቶብኝ ስተፋ።

አብዱ፦ እኔ የምለው ግን፣ አዋሽ እያለልን ለምን ኡጋንዳ? መንገዳችን ላይ ነው። ፓርክ አለው፣ ፏፏቴ አለው፣ ሳላ አለው።

ቲጂ፦ አዞም አለው።

አብዱ፦ ኦሞም አዞ አለው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በጎማ ጀልባ ወርደውታል። ድርጅታቸውንም ሶቤክ አሉት፣ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ስም ነው።

ቲጂ፦ ስሙን ካወጡለት አዞው ምን አላቸው?

አብዱ፦ እሱን አልጠየቅኳቸውም። እኔ ግን ዘንድሮ አዋሽ ላይ አንቺን ከፊት አስቀምጣለሁ።

ቲጂ፦ ከኋላ ከሆንኩ ብቻ።

አብዱ፦ እናያለን። የመጨረሻ ጥያቄ። ተገለበጥሽ ወይስ አልተገለበጥሽም?

ቲጂ፦ ወንዙ ላይ አልተገለበጥኩም።

አብዱ፦ ታዲያ የት ነው?

ቲጂ፦ ዳር ደርሰን፣ ላይፍ ጃኬቱን አውልቄ፣ ልወርድ ስል።

አብዱ፦ (ሳቅ) ውሃው ምን ያህል ነበር?

ቲጂ፦ እስከ ጉልበት። ግን ጮኼያለሁ፣ ኧረ በጣም ጮኼያለሁ። ኮርሞራንቱ ራሱ ክንፉን ሰብስቦ ሄደ።