ልጁን ቁልቁለት ላይ አትለኩት

እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው እሁድ በጎማ ጫማ የሚንሸራተቱ የስኬቲንግ ልጆቻችንን ስንመለምል ተሳስተናል። አሰለፍናቸው፣ ሰዓት ያዝን፣ ቀድሞ የደረሰውን ወሰድን። በቃ። አንዲት ልጅ መጨረሻ ወጣች ብዬ እኔው ራሴ መለስኳት። ማታ ቤቴ ገብቼ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ሳየው ግን ልጅቷ በግራም በቀኝም እኩል ትታጠፋለች፤ ከወሰድናቸው ውስጥ ስንቱ ወደ ቀኝ መዞር ያቅተዋል! በጣም ከነከነኝ።

የበረዶ ሆኪ መልማዮች እንዲህ አያደርጉም። ሆኪ ማለት የኛን የገና ጨዋታ በረዶ ላይ አድርጋችሁ አስቡት፤ ዱላው አለ፣ በሩሩ ፋንታ ጠፍጣፋ ጎማ አለ። የሰሜን አሜሪካው ሜዳ ርዝመቱ 61 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ ቀጥ ብሎ መብረር ብዙም የለም፤ መቆም ነው፣ መዞር ነው፣ ወደ ኋላ መንሸራተት ነው፣ እንደገና መፈትለክ ነው። ስለዚህ መልማዩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርምጃዎች አፍጥጦ ያያል። ጉልበቱ በርከክ ብሏል ወይስ ተገትሯል? ሲገፋ እግሩ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል? ሲታጠፍ እግሩን በእግሩ ላይ እያሻገረ ፍጥነት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የሆኪ ተጫዋቹን ኮነር ማክዴቪድን ያየ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፣ መታጠፊያው ላይ ነው ሰው ጥሎ የሚሄደው። ደግሞም ሲደክም ያዩታል። ተጫዋቹ አንዴ ሲገባ 45 ሰከንድ ያህል ተጫውቶ ይቀየራል፤ መጨረሻዋ ላይ አቋሙ ከተበላሸ ይመዘገብበታል።

በርግጥ እነሱም ይሳሳታሉ። ሉክ ሮቢታይ የሚባለው ተጫዋች፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በየተራ ሲመርጡ፣ ፍጥነት የለውም ተብሎ 171ኛ ላይ ነው የተመረጠው። 668 ጎል አግብቶ ነው የጨረሰው።

የኛ አስፋልት በረዶ አይደለም፣ አውቃለሁ። በረዶ ላይ በጫማው ስለት ጎን ፍቆ እንደመቆም፣ በጎማ ጫማ መቆም አይቀልም፣ እሱን ለጊዜው እንተወው። መዞርን፣ ጉልበትን፣ አነሳስን ግን ማየት እንችላለን። ደግሞ እባካችሁ ቁልቁለት ላይ አንለካ፤ ከጅሬን ኮረብታ የሚወርድ ልጅ ሁሉ ፈጣን ነው፣ የሚነዳው ቁልቁለቱ ነው እንጂ እግሩ አይደለም።

እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደገና እናያቸዋለን፣ ሁሉንም፣ በሜዳማው መንገድ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ኑ፣ እየደረደርን በመሃሉ እናዞራቸዋለን፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። የዚያችን ልጅ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ስንጨርስ ጠብቁኝ፣ ሄጄ እናቷን ላናግር።