እማዬ «በፍጹም» አለች

እሺ፣ ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ። ስለ ሌላ ነገር ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ያ ሐኪም ቤት ስለ ሕመሟና ስለ ኑሮዋ የሚያስሞሏት የእማዬ መጠይቅ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ያው፣ ማይሎማው፣ ያ የመቅኒ ካንሰሯ፣ እንዳለ ነው፣ መድኃኒቱም ቀጥሏል። የሌሊት ፈረቃዋንም አልተወችም። ዴክሳሜታሶን የሚባለውን እንቅልፍ የሚነሳ ስቴሮይድ መድኃኒቷን የወሰደች ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ስታንኳኳ ነው የሚነጋው። እና ቅጹ እንቅልፍ አስቸግሮሻል ወይ ሲላት መልሷ «በጣም» ነው። ግን እኮ በዚያች ሌሊት ብታዩዋት! ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ቀልጠፍ ብላ የማያት ያኔ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ በየትኛው ቁጥር ይገባል?

መጠይቁ የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፣ 30 ጥያቄ አለው። አብዛኛው መልስ ከ1 እስከ 4 ነው፤ ከ«በፍጹም» ተነስቶ «በጣም» ድረስ። ማይሎማ ላለበት ሰው ሌላ 20 ጥያቄ ይጨመርለታል። የአጥንት ሕመም፣ የጀርባ ሕመም፣ የውሃ ጥም... መነጽሯን ስላልያዘች የማነብላት እኔ ነበርኩ። ጀርባዋ ላይ ስንደርስ «ትንሽ በለው... ቆይ፣ አይ፣ ከትንሽ ከፍ አድርገው» እያለች እየተሳሳቅን ነበር። ከዚያ መጨረሻው አካባቢ ስለ ሞት የሚጠይቅ አለ። ሞትን እያሰብሽ ተጨንቀሻል ወይ ነው ነገሩ። ዓይኔ ቀድሞ አየው። ድምፄ እንዳይቀየር ብዬ ፈጠን አድርጌ አነበብኩት መሰለኝ። እሷ ወረቀቱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው፣ ፊቴን፣ ትንሽ ቆየት አድርጋ። «በፍጹም» አለች። «አክብብና እለፍ።»

አከበብኩ። አለፍኩ።

እውነቷን ይሆናል እኮ። እማዬን ታውቋታላችሁ፣ ፈሪ አይደለችም። ግን ለእኔ ብላ ያለችው ከሆነ፣ ያ 1 ቁጥር የለካው የእሷን ጭንቀት ነው ወይስ የእኔን ፊት?

እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ የካርኖፍስኪ መለኪያ የሚባል አለ። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል። 100 ማለት ምንም ቅሬታ የለውም፣ 0 ማለት ሞቷል። ይሄኛው መጠይቅ ግን ባለቤቱን ነው የሚጠይቀው፣ ሕመሙን ባለቤቱ ነው የሚያውቀውና። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ለዚህም ነው መሃል ላይ መቀመጤ የከበደኝ።

ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር፣ ቅጹ የሚጠይቀው ስላለፈው ሳምንት ነው። እሷ ደግሞ ወረቀቱን የምታገኘው አዲስ የሕክምና ዙር ልትጀምር ስትል ነው፣ የዕረፍት ሳምንቷን ጨርሳ፣ ትንሽ ነፍስ ዘርታ። ያ የከፋው ሳምንት የት ገባ? ማን ጠየቀው?

ከ30ዎቹ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ አጠቃላይ ኑሮ ነው፣ ከ1 እስከ 7። 6 አለች። ስድስት! እኔ ብሆን 3 ነበር የምለው። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? ተመራማሪዎቹም ያውቁታል ይሄን፤ ሰው ታሞ ሲቆይ ደህና ቀን የሚለው ነገር ራሱ ይቀየራል። ድሮ ደረጃ መውጣት ለእማዬ ነገር አልነበረም፣ ዛሬ ሳታርፍ ከወጣችው ቀኑ ተሳክቷል። ታዲያ 6 ትክክል ነው። ወይም... አላውቅም። ትክክል ከሆነ ሐኪሞቹ 6 አይተው ደህና ናት ብለው ቢያልፏትስ?

እህቴ «ነርሷ ታስሞላት፣ አንተ ውጭ ጠብቅ» ትላለች። ለእማዬ ነገርኳት። «አንተ ካላነበብክልኝ አልሞላም» አለች፣ ደርቃ። ለነርሷ በጎን ልንገራት ብዬ አሰብኩ፣ ያችን ጥያቄ ብቻዋን ስትሆን ጠይቂያት ብዬ። ግን ያ ደግሞ እማዬ እንዳልይ የፈለገችውን ነገር በጓሮ ዞሮ ማየት አይሆንም? ቀጠሮው ሰኞ ነው። እስከዚያ ምናልባት... እንጃ፣ እስቲ እናያለን።