በአሮጌ የፒውተር ዋንጫ ላይ ያሉ ማኅተሞችን ስለ መለየት

ክቡራትና ክቡራን፣ የጥንታዊ ዕቃ ወዳጆች፤

ከፊቴ የቆመው ባለ እጀታ የቢራ ዋንጫ እንግሊዝ አገር የተሠራ ነው። ፒውተር የሚባለው ማዕድን አብዛኛው ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑ ሳይሆን ቲን የሚባለው ለስላሳ ማዕድን) ሲሆን፣ እንዲጠነክር መዳብ ወይም አንቲሞኒ የተባለ ሌላ ማዕድን፣ በርካሹ ላይ ደግሞ እርሳስ ይጨመርበታል። በዚህ ዋንጫ ላይ ያሉት ማኅተሞች በአንድ እጅና በአንድ ቀን የተመቱ አይደሉምና፣ እያንዳንዱን ማን እንደመታው ሳንለይ ስለ ዕድሜው መፍረድ አይገባንም።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ዋንጫውን ስገዛ ከአፉ ሥር ዘውድና «ደብልዩ አር» (ዊልያም ሬክስ፣ ማለትም ንጉሥ ዊልያም) የሚሉ ሁለት ፊደላት አይቼ፣ በንጉሥ ዊልያም ሣልሳዊ ዘመን የተሠራ መስሎኝ ነበር። ምልክቱ ግን የሠሪው አይደለም፤ ዋንጫው ሕጋዊውን መጠን እንደሚይዝ ያረጋገጠው የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ የመታው ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1702 ከሞቱም በኋላ ተቆጣጣሪዎች በዚሁ ምልክት ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙ ኖረዋል። ዋንጫውን ዘቅዝቄ ሥሩን በአጉሊ መነጽር ስመረምር ያገኘሁት የሠሪው ማኅተም፣ ንጉሡ ከሞቱ ከ100 ዓመት ያህል በኋላ ይሠራ የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሠሪዎች በዕቃቸው ላይ ምልክታቸውን እንዲያኖሩ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1503 ደንግጓል። በለንደን የራሱን ሱቅ ለመክፈት የተፈቀደለት ባለሙያ ማኅተሙን በፒውተር ሠሪዎች ማኅበር ዘንድ በሚጠበቅ ሰሌዳ ላይ ይመታ ነበር። የቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች በ1666ቱ ታላቅ እሳት ጠፍተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተመቱት አምስቱ ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ ለእኛ ለአጥኚዎች ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም። ይሁንና በማኅተሙ ውስጥ ዓመት ተቀርጾ ብናገኝ፣ ሠሪው በማኅተሙ እንዲጠቀም የተፈቀደለትን ጊዜ እንጂ ዋንጫው የተሠራበትን ቀን አያመለክትም፤ በዚያው ማኅተም ዕድሜውን ሙሉ ሊሠራ ይችላልና።

ዘውድ የተደፋበት «ኤክስ» የጥራት ምልክት ነው፤ ለምርጥ ማዕድን ታስቦ ቢጀመርም ኋላ በተራ ዕቃም ላይ ስለተመታ ብዙ አያስተማምንም። ጀማሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስቱት ግን በተርታ የተመቱት አራት ትንንሽ ጋሻዎች ናቸው። እነዚህን ፒውተር ሠሪዎች የብር ዕቃን ማኅተም አስመስለው ያወጧቸው ሲሆን፣ በብር ማኅተም ሰንጠረዥ ላይ ዓመታቸውን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

አደራ የምላችሁ፣ ምልክት ፍለጋ ዋንጫውን በአሸዋ ወይም በሻካራ ነገር እንዳትፈትጉት ነው፤ የተፋቀ ፊደል አይመለስም። መብራቱን ከጎን አስጠግታችሁ ጥላው ፊደሉን እንዲያወጣው አድርጉ፤ ወይም ስስ ወረቀት አልብሳችሁ በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብላችሁ አሹት። አጉሊ መነጽሩና መብራቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅተዋል፤ እየቀረባችሁ የዚህን ዋንጫ ሥር በገዛ ዓይናችሁ እንድታዩ እጋብዛችኋለሁ።