ኅዳር በደንቢያ፦ ከ9 እስከ 12 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ደንቢያ ሜዳ ላይ እንቁም። ወሩ ኅዳር ነው። ጤፉ እየታጨደ ነው፣ ሽምብራው ገና አረንጓዴ ነው። ለእኔ ወፍ ለማየት ከዚህ የሚበልጥ ወር የለም።

ማሳ ለማሳ እየዞሩ ወፍ ማሳደድ ትርፉ ሲበሩ ማየት ነው። የገበሬውን ሥራ ተከተሉ። ከብት ባለበት ሳቢሳ የሚባለው ነጭ ወፍ አይጠፋም፤ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ፌንጣ ይለቅማል። ታጭዶ ባለቀ ማሳ ላይ ደግሞ የረገፈ እህል የሚፈልጉ ክሬኖች፣ ማለትም እግረ ረጅምና አንገተ ረጅም ትልልቅ ወፎች፣ ይወርዳሉ።

እኩለ ቀን ላይ አትድከሙ። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲግል አየሩ ይርገበገባል፣ ባይኖኩላሩም (የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር) ርግብግቡን ጨምሮ ያቀርበዋል። ከ9 ሰዓት በኋላ ከማሳው ምዕራብ ዳር ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ፀሐይ ከፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ነው።

ባይኖኩላሩ 8 በ42 ይበቃል፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው። 10 ጊዜ የሚያቀርበው ያጓጓል፣ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል። ብዙ ሰው «ብዥ አለብኝ» የሚለው ሳያስተካክል ስለሚጀምር ነው። ቀኝ ዐይናችሁን ጨፍኑና በመካከለኛው መዘውር የግራውን ምስል አጥሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ፣ መዘውሩን ሳትነኩ፣ በቀኝ ዐይን በኩል ባለው ቀለበት የቀኙን አጥሩ። አንዴ ከተስተካከለ ቀለበቱን ተዉት።

አሁን ወደ ክሬኖቹ። ሲበሩ አንገታቸውን ይዘረጋሉ፤ ሳቢሳ ግን አንገቱን አጥፎ ነው የሚበረው። ግራጫ ሆኖ ጥቁር አንገቱ ላይ ነጭ መስመር ያለው ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ብርዱን ሸሽቶ የመጣ ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው፣ ሲበር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ የሚታየው ግን የአገራችን ነዋሪ ነው። ሁለቱ አንድ ማሳ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ መንጋውን በጅምላ በአንድ ስም አትመዝግቡ።

ማሳ ውስጥ ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር ነው፤ ሽምብራ ይረገጣል። ወንጭፍ የያዙ ጠባቂ ልጆችንም ለፎቶ ብላችሁ «ወፎቹን አስነሷቸው» አትበሉ። የወፉ ምግብም የልጁ ሥራም ይበላሻል።

ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ ክሬኖቹ እየተጠራሩ ወደ ጣና ዳር ይሄዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን የሚያድሩት አውሬ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ነው። መቁጠር ያለባችሁ ያኔ ነው። መጀመሪያ 10 ወፍ ቆጥራችሁ የያዙትን ስፋት በዐይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ መንጋውን በዚያ ልክ ለኩ። ዞረው የተመለሱትን ሁለተኛ አትደምሩ።